ሞተር የሚነዱት ባለ ኪልት ጎረቤቴ

ጎረቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀሚስ ለብሰው ሞተር ይነዳሉ። ይህን ለአገሬ ሰዎች ስነግር ብዙዎቹ ስለ አንዲት ደፋር አሮጊት የማወራ ይመስላቸዋል። ወንድ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ፣ ባታቸው እንደ ሯጭ የጠነከረ ሰው ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው ከስኮትላንድ የመጡ ናቸው፤ ቀሚሱም የዚያ አገር ወንዶች የሚለብሱት ኪልት የሚባለው ነው። ወፍራም ሱፍ ነው፤ ከኋላው ጥቅጥቅ ያለ ሽንሽን አለው፤ ርዝመቱ ጉልበት ላይ ያበቃል። ከፊት በኩል አንዲት የቆዳ ቦርሳ በሰንሰለት ከወገባቸው ላይ ትንጠለጠላለች። ጨርቁን ነፋስ እንዳያነሳው ተጭና ትይዘዋለች ይላሉ። ቆመው ሲያወሩ እውነት ነው። በሰዓት ሃምሳ ማይል ሲነዱ ግን ቦርሳዋ ምንም አትፈይድም፤ ሁለት በጋ ከኋላቸው ስነዳ አይቼዋለሁ።

ሂሊያርድ በምትባል የሰው አገር ከተማ ቤት ገዝተን ስንገባ የእሳቸው ቤት ፊት ለፊታችን ነበር፤ መንገዱን ለመሻገር አርባ እርምጃ ቢፈጅ ነው። እኔ በዚያ ሰሞን አንድ ያገለገለ ሞተር ገዝቼ ከባለቤቴ ጋር ተኳርፌያለሁ። "ሃምሳ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ አሁን ነው ጉርምስና የመጣብህ?" ትለኛለች። የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ወድቆ የተሰበረ ሰው በየቀኑ ስለምታይ የሞተር ወሬ መስማት አትፈልግም። እኔ ደግሞ በወጣትነቴ በመሥሪያ ቤት ሞተር ቆላ ለቆላ ስዞር የኖርኩ ነኝ። ፖላሪስ የሚባለው ሰፈር ካለው የቢሮ ሕንፃ አምፖል ስቀይርና ቧንቧ ስጠግን ውዬ ስመለስ ሌላ የሚያምረኝ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ጋራዤን ከፍቼ ሞተሬን ስወለውል ጎረቤቴ በኪልታቸው መንገዱን ተሻግረው መጡ። ሞተሬን ዙሪያውን ተመለከቱና "ቅዳሜ ጠዋት ምን ትሠራለህ?" አሉኝ። በዚሁ ጀመርን።

በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው። በአፌ ግን እንደ አገሩ ልማድ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ በጠራኋቸው ቁጥር ታላቄን የደፈርኩ ይመስለኛል።

እንደተዋወቅን ሰሞን ለምን ሱሪ እንደማይለብሱ ጠይቄያቸው ነበር። "አርባ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ቱታ ለበስኩ" አሉኝ። "ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቱታውን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን ማንም ሱሪ አያለብሰኝም።" ይህን ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። መልሳቸው ደስ ብሎኝ ነበር። አርባ ዓመት የታዘዘውን ሲለብስ የኖረ ሰው በስተርጅናው ያሻውን ቢለብስ ማን ይፈርድበታል?

ቅዳሜ ጠዋት ከሂሊያርድ ወደ ምዕራብ እንወጣለን። ከተማው ቶሎ ያልቅና በግራም በቀኝም በቆሎና አኩሪ አተር ይሆናል። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ደግሞም ታላቅን ቀድሞ መሄድ አልለመደብኝም። እኔ ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በወፍራም ልብስ ተሸፍኜ፣ ጓንት አጥልቄ፣ በዚያ በሰኔ ሙቀት እቀቀላለሁ። እሳቸው ከላይ ሄልሜትና የቆዳ ጃኬት አላቸው። ከወገባቸው በታች ሱፍ፣ ከሱፉ በታች ባዶ ጉልበት፣ ከዚያ ካልሲና ቦት ጫማ ነው። የሚያልፉን ሰዎች ክላክስ ያደርጋሉ፤ ሕፃናት በመኪና መስኮት እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እሳቸውም እንደ ሙሽራ ሰላም ይላሉ።

ሰው ሁሉ የሚያያቸው ከፊት ወይም ከጎን ነው። ከኋላ የማያቸው እኔ ነኝ፤ ከኋላ የሚታየው ደግሞ ሌላ ነው። ሽንሽኑ ላይ ተቀምጠውበት ቢነሱም በየመታጠፊያው አንድ ጫፍ ያመልጥና ወደ ኋላው ጎማ ይንቀለቀላል። ባታቸው ከጋለው የጭስ መውጫ ማርሚታ ሁለት ጣት ያህል ነው የሚርቀው። ማርሚታን አውቀዋለሁ፤ እግሬ ላይ እስከ ዛሬ ጠባሳውን ትቶብኛል፤ እኔን ያቃጠለኝ ደግሞ ሱሪ ለብሼ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን እጃቸው ነው። ነፋስ ጨርቁን ከፊት ሲያነሳው ግራ እጃቸውን ከመሪው ይለቁና ጨርቁን ይጫናሉ። ያን ጊዜ ሞተሩ በአንድ እጅ ነው የሚሄደው። ብዙም ሳይፈጥኑ አስፋልት ላይ ቢወድቁ እንኳ ባዶ ጉልበት ምን እንደሚሆን ሞተር የነዳ ሁሉ ያውቃል። ቆዳው መንገዱ ላይ ይቀራል።

ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም እንዲሁ ብላኛለች። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው "ቀሚስዎ ይገለባል" ልበላቸው? መጀመሪያ ነገር ይህን ለማለት ማየቴን ማመን አለብኝ። ሰው የታላቁን ጭን አየሁ ብሎ አያወራም። ቢያይ እንኳ ዓይኑን ወደ በቆሎው ይመልሳል። እኔም ሁለት በጋ በቆሎ ሳይ ከረምኩ።

እንዲህ ዝም ስል የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ራሴን ባልወቀስኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ከባቲ በታች ባለው ቆላ የከብት ክትባት ሥራ ላይ ነበርኩ። አለቃዬ የአርባ ዓመት ሰው ናቸው፤ በዚያ ሙቀት እንደ አገሬው ሽርጥ አገልድመው ሞተሩን ይነዳሉ፤ እኔ የመድኃኒት ሳጥኑን አቅፌ ከኋላቸው እቀመጣለሁ። የሽርጡ ጫፍ ወደ ጎማው ሰንሰለት፣ ወደ ካቴናው እንደሚወርድ ሦስት ቀን ሙሉ አየሁ። እያየሁ ዛሬ ልንገራቸው፣ ነገ ልንገራቸው እላለሁ። አለቃን ልብስህን ሰብስብ ማለት ግን ከየት ይመጣል? በአራተኛው ቀን ካቴናው ጨርቁን ያዘው። እኔ ጫካ ውስጥ ተወርውሬ ተረፍኩ። የእሳቸው እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ። በሳምንቱ ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋቸው ላይ እንዳሉ "ከኋላ ሆነህ ጨርቁን አላየኸውም?" አሉኝ። "አላየሁም" አልኳቸው። ይህን ውሸት ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

በሁለተኛው በጋ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከፊት መጥቶ አለፈን። ነፋሱ ጎረቤቴን ሲያገኛቸው ኪልቱ እስከ ደረታቸው ተገለበ። ግራ እጃቸውን ለቀቁ። ሞተሩ ወደ ግራ ሄደ፤ ቢጫውን መስመር ተሻገረ። ከጭነት መኪናው ኋላ የምትመጣ አንዲት ፒክአፕ ክላክሷን እያስጮኸች ወደ ጠጠሩ ወጣችና በአንድ ክንድ ርቀት አለፈቻቸው። ሄልሜቴ ውስጥ ጮህኩ። የሰማኝ የለም።

ቁርስ ቤቱ ስንደርስ እሳቸው እየሳቁ ነው የወረዱት። "አየህልኝ ያንን ነፋስ?" አሉኝ። ገብተን ተቀመጥን። ንገራቸው፣ አሁን ንገራቸው እላለሁ በልቤ። ከአፌ የወጣው ግን "ቀኑ ግሩም ነው" የሚል ነበር። እንቁላሌን በላሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የናቅኩበት ጊዜ ትንሽ ነው።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። "ሂድና ንገራቸው" አለች፤ "አርባ እርምጃ ነው።" ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ "ጀስት ቴል ሂም፣ ዳድ" አለችኝ። ለእነሱ ቀላል ነው። እኔ ግን የማውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ለታላቁ መናገር ያልቻለውን በሽማግሌ ያስነግራል። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ አገር ቤት መምህር የነበሩ አንድ አባት አሉ። ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ሽማግሌ እንዲሄዱልኝ ፈልጌ ነው።"

"ምነው? ሚስትህ ኮል አድርጋ ፖሊስ ጠራችብህ እንዴ?"

"ኧረ የለም! ጎረቤቴ ሱሪ እንዲለብሱ ነው።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ፣ ሄሎ" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "ሰውዬው ራቁታቸውን ነው የሚሄዱት?"

ሁሉንም ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። አንተው ራስህ ብትነግራቸው ምናለበት ብለውም አልጠየቁኝም። "የሰው ሕይወት ነው፤ እንሄዳለን" አሉኝ። እኔ ያላልኩት ነገር ሁሉ ገብቷቸዋል፤ እንዲህ ቶሎ የሚገባን መሆናችን ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ! አሁን ሳስበው ያው ቶሎ መግባባታችን ነው ጉዳችን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ፦ መምህሩ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሱቅ ያላቸው አንድ ጎልማሳና ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላቸውን አጣፍተዋል። እኔ ልከተላቸው ስል መምህሩ በእጃቸው መለሱኝ። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ሚስት እንደሚለመንለት ጎረምሳ መጋረጃዬ ኋላ ቆምኩ።

የጎረቤቴ ሳሎን መስኮት ሰፊ ነው፤ ሁሉ ነገር ይታያል። በሩን ከፈቱ፤ ኪልታቸውን ለብሰዋል። ሦስቱን ነጠላ ለባሾች አይተው ትንሽ አሰቡና አስገቧቸው። ሶፋውን አሳዩአቸው። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። መምህሩ እጃቸውን አጣምረው መናገር ጀመሩ። ጎረቤቴ እንደገና ሶፋውን አሳዩ። አሁንም ማንም አልተቀመጠም። እኛ ዘንድ ጉዳዩ እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ቢቀመጥ የመጣበትን አቃለለ ማለት ነው። ይህን ለጎረቤቴ ማን ይንገራቸው? ወንበር አመጡ፤ ሌላ ወንበር አመጡ። ኋላ መምህሩ እንደነገሩኝ ጎረቤቴ መጀመሪያ ሃይማኖት ሊሰብኩ የመጡ መስሏቸው ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ወገባቸውን የሚያማቸው መስሏቸዋል። መምህሩ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ጉርብትና፣ እግዚአብሔር ስለ ሰጠን አካል በጥሩ እንግሊዝኛ ሩብ ሰዓት ያህል ተናግረው ኪልቱ ላይ ሲደርሱ ጎረቤቴ አቋረጧቸው። "ይህን የሚለው ማን ነው?" አሉ። መምህሩም ወደ እኔ ቤት አመለከቱ።

በሩ ሲከፈት፣ ጎረቤቴ መንገዱን ሲሻገሩ አየሁ። ደወሉ ጮኸ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

"ሦስት ሰዎች ሳሎኔ ውስጥ ቆመዋል" አሉኝ። "አንቀመጥም ብለዋል። አንተ ስለ እግሬ እንደምትጨነቅ ነገሩኝ።"

"አዎ" አልኳቸው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

መዋሸት አማረኝ። እውነቴን ነው፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ" አልኩ።

"ካምናው በጋ?"

"ካምናው በጋ።"

ፊታቸው ቀላ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። "እና በየቅዳሜው ከኋላዬ ስትነዳ ልወድቅ እንደምችል ታይ ነበር? አይተህ ቁርስ ትበላ ነበር?"

"አዎ።"

"ብወድቅስ ኖሮ ምን ልትለኝ ነበር?"

ምን እንደምል አውቅ ነበር። ከዚህ በፊት ብዬዋለሁና። ያኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኳትን የአለቃዬን ነገር ነገርኳቸው፤ የጨርቁን ጫፍ ሦስት ቀን ማየቴን፣ የእግራቸውን መቆረጥ፣ አላየሁም ማለቴን። ባለቤቴ ከጓዳ ትሰማ ነበር። እንግሊዝኛዬ ተደነቃቀፈ። ጎረቤቴ አላቋረጡኝም፤ ስጨርስም አላጽናኑኝም። "አሁን የምትፈልገውን በራስህ አፍ ንገረኝ" አሉ።

"ሱሪ ይልበሱ" አልኳቸው። "እባክዎን። እፈራለሁ። በየቅዳሜው እፈራለሁ።"

ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔና ባለቤቴ መስኮቱ ላይ ቆመን አየን። ሳሎናቸው ገቡ፤ ለመምህሩ አንድ ነገር አሉ። መምህሩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ተቀመጡ፤ ሁለቱም ተከትለው ተቀመጡ። "እሺ ብለዋል!" አለች ባለቤቴ። ብስኩት ሲቀርብላቸው አየን። የሐዋርያት ጾም ስለነበር መምህሩ ውሃ ብቻ ጠጡ። ባለ ሱቁ ግን ሰውየው እንዳይከፋቸው ብለው ሁለት በሉ፤ ለዚያም ንስሐ እንደሚገቡ በኋላ ነገሩኝ።

ራት ላይ ባለቤቴ የአለቃዬን ነገር አንስታ "ሃያ አምስት ዓመት እንዴት ቻልከው?" አለች። ሳህኖቹን አንስቼ ማጠብ ጀመርኩ።

ሳምንቱን በሙሉ ጎረቤቴን አላየኋቸውም። ከእንግዲህ አብረን የምንነዳም አልመሰለኝም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጋራዣቸው ሲከፈት ሰምቼ ወጣሁ። ጉልበቱ ላይ መከላከያ የተሰፋበት ወፍራም ጥቁር ሱሪ ለብሰዋል፤ አዲስ ስለሆነ ሲራመዱ ይንኮሻኮሻል። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅኩትን ያህል ደስ አላለኝም። ጉልበታቸውን አተረፍኩ ብል እንኳ ቅዳሜያቸውን ቀምቻቸዋለሁ። አለባበሱንም ገና አልለመዱትም፤ ሞተሩ ላይ ሲወጡ ሱሪውን ጭናቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጎተት አደረጉት። ሰላም ስላቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

"ዛሬ አንተ ቅደም" አሉኝ።

"መንገዱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት" አልኩ።

"ሁለት በጋ ነድተኸዋል። ቅደም።"

ቀደምኩ። በስንት ጊዜዬ ከፊቴ የማንም ጀርባ አልነበረም፤ ባዶው መንገድ ብቻ ነው። ከኋላዬ የሞተራቸው ድምፅ ይሰማኛል፤ ታላቄን ወደ ኋላ ትቼ መሄዴ ትከሻዬን ከብዶኛል። ከሰፈራችን ወጥተን የመጀመሪያው የማቆሚያ ምልክት ላይ ደረስን። ቆምኩ። ጎረቤቴ መጥተው ጎኔ ቆሙና የሄልሜታቸውን መስተዋት ወደ ላይ ገለጡት።

"የፍሬን መብራትህ አይበራም" አሉኝ።

ፍሬኑን ያዝኩ፤ ወደ ኋላ ዞሬ ለማየት ሞከርኩ። ከተቀመጡበት አይታይም። የጭነት መኪናዎች ከኋላዬ የመጡባቸው እነዚያ ሁሉ መንገዶች ትዝ አሉኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው።

"እሱን እኔ አላውቅም" አሉ። "አሁን አየሁት፤ አሁን ነገርኩህ።"

ሞተሬን ወደ ጥግ አወጣሁና አጠፋሁት።